ጃፓን አገር የገባ እንግዳ

በዛሬው ንባባችን ሩቅ አገር እንሄዳለን። አገሩ ጃፓን ነው። የምንነሣው ግን ከአቦምሳ መናኸሪያ ነው።

ፊደል ሳንቆጥር ወደ አዳማ የሄድንበትን የመጀመሪያ ቀን ብዙዎቻችን አንረሳውም። ያን ጊዜ ከተማዋ ናዝሬት ትባል ነበር። አውቶቡሱ የሚሄድበት ቦታ በግንባሩ ላይ ተጽፎ ሳለ እኛ ረዳቱ «ናዝሬት! ናዝሬት!» ብሎ እስኪጮህ እንጠብቃለን። ከተማ ስንገባም የመድኃኒት ቤቱ ስም፣ የመንገዱ ማስታወቂያ፣ የዕቃው ዋጋ ሁሉ በጽሑፍ ነው። ሁሉም ይናገራል፤ እኛ ግን አንሰማውም። መጸዳጃ ቤት በር ላይ ቆሞ፣ የወንድ ይሁን የሴት ሳያውቅ፣ ከውስጥ ሰው እስኪወጣ የጠበቀ ሰው በመካከላችን አይጠፋም። ዛሬ ስቀን እናወራዋለን እንጂ ያን ቀን አላሳቀንም።

ታዲያ ይህ ነገር ያልተማረ ሰው ዕጣ ብቻ እንዳይመስለን። አማርኛ ቢሉት ኦሮምኛ፣ እንግሊዝኛ ቢሉት አቀላጥፎ የሚያነብ ሰው ጃፓን የገባ ዕለት እንደገና ፊደል ያልቆጠረ ይሆናል። የዛሬው ትምህርታችን የዚህ ሰው ነገር ነው።

መጀመሪያ አገሩን እንወቅ። ጃፓን ከእኛ በስተምሥራቅ፣ ከእስያ ምድር ማዶ፣ በባሕር መካከል የምትገኝ የደሴቶች አገር ናት። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውኃ የተከበበ መሬት ነው። የዝዋይን ሐይቅ ደሴቶች ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የጃፓን ደሴቶች ግን እጅግ ይበልጣሉ። የሕዝቡ ብዛት ወደ 124 ሚሊዮን ይጠጋል። ዋና ከተማው ቶኪዮ ነው፤ በቶኪዮ አስተዳደር ውስጥ ብቻ ወደ 14 ሚሊዮን ሰው ይኖራል። አብዛኛው መሬት ተራራ ስለሆነ የሚታረሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ገበሬው በየሸለቆውና በየሜዳው ትንንሽ ማሳ እየከተረ፣ ውኃ እያስተኛ፣ ሩዝ ያበቅላል።

ከአገራችን ሰዎች ጃፓንን አይተው ያዩትን በመጽሐፍ የጻፉልን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ያን ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። በ1924 ዓ.ም. መልእክተኛ ሆነው ሲሄዱ ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወረዱ። በአዳማና በአዋሽ የሚያልፈውን አሮጌውን ሐዲድ እናውቀዋለን፤ በዚያው ነው የሄዱት። ከጅቡቲ በመርከብ ሳምንታት ፈጅተው ጃፓን ደረሱ። ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። መጽሐፉ ወደ ጃፓንኛም ተተርጉሟል። ኅሩይ ብዙ መጻሕፍት የጻፉ ሊቅ ነበሩ። ቢሆንም በቶኪዮ ጎዳና ላይ የተሰቀለውን የሱቅ ስም ያለ አስተርጓሚ ሊያነቡ አይችሉም ነበር። ሊቁም ገበሬውም እዚያ እኩል ናቸው።

ሁለተኛውን እንግዳ ሁላችንም እናውቀዋለን። አበበ ቢቂላ ነው። አበበ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን ውስጥ በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶን ወርቅ አገኘ። በዓመቱ፣ በሰኔ 1953 ዓ.ም.፣ በጃፓን ኦሳካ ከተማ ሊሮጥ ሄደ። እዚያ አንድ የኮቤ ከተማ ጫማ ሠሪ ወደ እርሱ መጥቶ ጫማ እንዲያደርግ አግባባው። አበበም ጫማውን አድርጎ ሮጠ፤ አሸነፈም። ነገሩ የሚያስገርመው ጃፓን ጫማ በደጃፍ የሚወለቅበት አገር መሆኑ ነው። እዚያ ማንም ሰው ጫማውን አድርጎ ቤት አይገባም። ባዶ እግሩን ያሸነፈው ጀግናችን ግን ጫማ የተሰጠው በዚያው አገር ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ በቶኪዮ ኦሎምፒክ እንደገና ሮጠ። ከሩጫው ጥቂት ሳምንታት በፊት የትርፍ አንጀት ሕመም ይዞት በቀዶ ሕክምና ዳነ። ይሮጣል ብሎ የጠበቀው ሰው ጥቂት ነበር። እርሱ ግን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ሁለተኛው ሰው የደረሰው ከ4 ደቂቃ በኋላ ነው። ሌሎቹ ሲደክሙ እርሱ ሣር ላይ ጋደም ብሎ እግሩን እያነሣ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ጃፓኖች ይህን አልረሱትም።

በዚያ ዓመት ለእኛ ትምህርት የሚሆን ሌላ ነገርም ተሠርቷል። ጃፓኖች ከመላው ዓለም ብዙ እንግዳ ሊቀበሉ ነው። እንግዶቹ የጃፓንን ጽሕፈት አያነቡም። ጃፓኖች ደግሞ የሁሉንም እንግዳ ቋንቋ ሊጽፉ አይችሉም። ምን ይደረግ? ሠዓሊዎቻቸው ተሰብስበው ቀላል ቀላል ሥዕል ሠሩ። ለመጸዳጃ ቤት የወንድና የሴት ምስል፣ ለስልክ የስልክ ምስል፣ ለሩጫ የሚሮጥ ሰው። ከዚያ ወዲህ ይህ ዓይነቱ ሥዕል በዓለም ተስፋፋ። ዛሬ በከተሞቻችን በሆቴል በር ላይ የምናየው ሥዕል የዚያ ሥራ ዘመድ ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው የታሰበበት ሥራ ነው፤ የታሰበው ግን ለተማሩ እንግዶች ነበር።

አሁን እኛም አንድ እንግዳ እንላክ። ከአቦምሳ ተነሥቶ በአውሮፕላን ቶኪዮ ገባ እንበል።

እንግዳችን ከጣቢያ ወጥቶ ቀና ቢል ሰማዩን የሚሸፍን ፎቅ፣ በፎቁ ላይ ከላይ እስከ ታች የተሰቀለ ጽሑፍ ያያል። አንዱንም አያውቀው። ጃፓኖች በሦስት ዓይነት ጽሕፈት ይጽፋሉ። ሁለቱ በአሠራር የእኛን ፊደል ይመስላሉ። አንዱ ምልክት «ካ» ይላል፣ ሌላው «ኪ» ይላል፣ ሌላው «ኩ» ይላል። በእያንዳንዱ ዓይነት መሠረታውያኑ ምልክቶች 46 ናቸው። የእኛ ፊደል ግን 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። «ታዲያ የእነርሱ ይቀላል!» እንል ይሆናል። ቆይ፣ አንቸኩል። እኛ ዘንድ «ከ»፣ «ኩ» እና «ኪ» ወንድማማቾች መሆናቸው በመልካቸው ይታወቃል፤ አንዱን ያወቀ ሌላውን ይገምታል። እነርሱ ዘንድ «ካ» እና «ኪ» በመልክ አይገናኙም። ሁሉም በየራሱ ይጠናል።

ሦስተኛው ጽሕፈት ከቻይና የመጣ ነው። በዚህኛው አንዱ ምልክት ድምፅ ብቻ ሳይሆን ትርጉም ይይዛል። የዛፍ ምልክት አለ። ሁለት የዛፍ ምልክት ጎን ለጎን ሲጻፍ ጫካ ይሆናል። ሦስት ሲሆን ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። ይህን ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ሲማሩት ግን ጭንቅ ነው። አንድ የጃፓን ልጅ በስድስት ዓመት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ውስጥ 1,026 ምልክት ያጠናል። ጋዜጣ በደንብ ለማንበብ ከሁለት ሺህ በላይ ያስፈልገዋል። በፋኖስ ብርሃን «ሀ ሁ» ስንል ጣታችን የተንቀጠቀጠብን ሰዎች ለዚያ ልጅ ብናዝንለት አይፈረድብንም።

እንግዳችን ግን ራበው። ጽሑፉን ቢያነበውም ባያነበውም ሆድ አይጠብቅም።

እዚህ ላይ ጃፓኖች ጥሩ ዘዴ አላቸው። ብዙ ምግብ ቤቶች በመስኮታቸው ውስጥ የየምግቡን አምሳያ ደርድረው ያሳያሉ። አምሳያው ዱሮ ከሰም ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ከፕላስቲክ ይሠራል። ሾርባው፣ ዓሣው፣ ሩዙ፣ የእንፋሎቱ ወዝ ሳይቀር እውነተኛ ይመስላል። ዋጋውም አጠገቡ ተጽፏል። ዋጋው የሚጻፈው እኛ በምናውቀው 1፣ 2፣ 3 ነው። እንግዳችን አስተናጋጁን ወደ መስኮቱ ወስዶ በጣቱ ያመለክታል። ጉዳዩ አለቀ።

ሲገባ እጁን የሚጠርግበት እርጥብ ፎጣ ይቀርብለታል። እኛ ዘንድ በማስታጠቢያ ውኃ እንደሚፈሰው መሆኑ ነው። ከመብላታቸው በፊት ጃፓኖች «ኢታዳኪማስ» ይላሉ፤ የቀረበልኝን ተቀበልሁ እንደ ማለት ነው። ከዚያ ሩዝ በጎድጓዳ ሳህን፣ ሾርባ በሌላ ሳህን፣ ዓሣና አትክልት በየትንንሹ ሳህን ይመጣል። እያንዳንዱ ሰው የራሱ አለው። በአንድ መሶብ ዙሪያ መቀመጥን የለመደ ሰው መጀመሪያ ብቸኝነት ይሰማዋል።

መብያው ሁለት ቀጫጭን እንጨት ነው። «ሃሺ» ይባላል። ታችኛው እንጨት በአውራ ጣት ሥር ተይዞ አይነቃነቅም፤ ላይኛው እንደ እርሳስ ተይዞ ወደ ታች ወደ ላይ ይላል። እርሳስ መያዝን ገና በቅርቡ የተማረ እጅ ይህን ቶሎ ሊለምደው ይችላል። እርሳስ ከያዙ ሃምሳ ዓመት የሆናቸውም ሲቸገሩ ይታያል! የጃፓን ሩዝ ሲበስል እርስ በርሱ የሚያያዝ ስለሆነ በእንጨቱ ይነሣል። እንደ እኛ ሩዝ እየተበተነ ቢሆን ኖሮ ማንም አይጠግብም ነበር።

በእንጨቱ ሁለት ነውር አለ። አንደኛው፣ እንጨቱን ሩዙ ላይ ቀጥ አድርጎ መትከል። እንዲህ የሚደረገው ለሙት በሚቀርብ ሩዝ ላይ ነው። ሁለተኛው፣ ምግብን ከእንጨት ወደ እንጨት ማቀባበል። ጃፓኖች ሬሳ ካቃጠሉ በኋላ አጥንቱን የሚያቀባብሉት እንዲሁ ነው። እንግዲህ እንግዳችን በደግ ልቡ ለጎረቤቱ ጉርሻ ልስጥ ቢል ምን እንደሚሆን አስቡት። ጉርሻ የፍቅር ነው ብንል እነርሱ አይሰሙንም፤ የሐዘን ቤት ትዝ ይላቸዋል። ሌላኛው ጉርሻም አይሠራም። ለአስተናጋጅ ጠረጴዛ ላይ ገንዘብ ትቶ የወጣ ሰው፣ አስተናጋጁ «ረስተኸዋል» ብሎ ሮጦ ይመልስለታል። ሁለቱም ጉርሻ የሌለበት አገር ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ነውር የሆነው እዚያ ነውር አይደለም። «ሶባ» የሚባል ረጅም ክር የመሰለ ምግብ አለ፤ ትኩስ ሾርባ ውስጥ ይቀርባል። ሽማግሌው፣ ባለሥልጣኑ፣ ሁሉም ድምፅ እያሰማ ይምገዋል። ልጆቻችንን «ቀስ ብለህ ብላ፣ አትማግ» ብለን የምንቆጣው እዚያ ቢሰሙን ይገርማቸዋል።

ሾርባው «ሚሶ» ይባላል። የአኩሪ አተር ሊጥ ከጨው ጋር ለወራት ተብላልቶ የሚገኝ ነው። ለማብላላት ሩዝ ላይ ያበቀሉትን ሻጋታ ይጨምሩበታል። «ሻጋታ!» ብለን ፊታችንን እንዳናጨማድድ። ሲልጆ የሚሠሩ እናቶቻችን ባቄላውን የሚያብላሉት፣ እንጀራችንም በእርሾ የሚቦካው፣ በዓይን በማይታዩ ሕያዋን ሥራ ነው። ከዚያው ከአኩሪ አተር ደግሞ ወተት የመሰለ ነገር ጨምቀው፣ አርግተው፣ እንደ አይብ ነጭ የሆነ «ቶፉ» ይሠራሉ። ይህን የጾም አይብ ብንለው አንሳሳትም። አኩሪ አተር በአገራችንም ስለሚበቅል መላውን መማር አይከፋም።

አሁን ወደሚፈራው ምግብ ደረስን። እርሱም ጥሬ ዓሣ ነው። «ሱሺ» በኮምጣጤ የተለወሰ ሩዝ ላይ ስስ የጥሬ ዓሣ ቁራጭ አድርገው የሚያቀርቡት ነው። እንግዳችን «እንዴ! ጥሬ ዓሣ ይበላል?» ይላል። ይህን የሚለው ሰው ግን በፋሲካ ማግስት ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ እያጣቀሰ ሲበላ የነበረ ነው! ጃፓናዊው ደግሞ የእኛን ቁርጥ ቢያይ እኩል ይደነግጣል። ደግሞም ሩቅ መሄድ የለብንም፤ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚበሉ ብዙ ናቸው። ከሱሺ ጋር የሚቀርበው አረንጓዴ ማባያ «ዋሳቢ» ይባላል። ምላስን ሳይሆን አፍንጫን ያቃጥላል፣ ዓይንን ያስለቅሳል። ሰናፍጭ የበላ ሰው ያውቀዋል፤ ሁለቱ በእርግጥም የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው።

ስለ ጥሬ ነገር አንድ ቁም ነገር እናንሣ። ጥሬ የበሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያመጣ እንደሚችል ጤና ጣቢያ ነግሮናል። ዓሣም ትል አለው። ስለዚህ ብዙውን በጥሬው የሚበላ ዓሣ አስቀድመው በኃይለኛ ማቀዝቀዣ ያደርቁታል፤ ብርዱ ትሉን ይገድለዋል። ባለሙያዎቹም ዓሣ መምረጥና መቁረጥን ለዓመታት ተምረው ነው ቢላዋ የሚይዙት። ከአዋሽ ወይም ከቆቃ ያወጣነውን ዓሣ እንደ ጃፓኖች ልብላ ብሎ በጥሬው መጉረስ ግን ሌላ ነገር ነው። ይቅርብን።

ጥሬ የማይደፍር ሰው «ቴምፑራ» አለለት። አትክልትና የባሕር ፍጥረት በስስ ሊጥ ተነክሮ በዘይት ይጠበሳል። ይህን ምግብ ለጃፓኖች ያስተማሩት ፖርቱጋሎች ናቸው ይባላል። ፖርቱጋሎች ከዛሬ 480 ዓመት በፊት፣ በእኛ አገር ለዐፄ ገላውዴዎስ ጦር ረዳት ሆነው በመጡበት ዘመን፣ ጃፓንም ደርሰው ነበር። በጾም ቀን ከሥጋ ይልቅ አትክልትና ዓሣ ይጠብሱ ነበርና ስሙም ከጾሙ ስም የመጣ ነው የሚሉ አሉ። የእኛን አገር ሰው እንዲህ ሊያስተምሩ አለመቻላቸው ግን ያሳዝናል፤ ጦርነቱ ጊዜ አልሰጣቸውም መሰለን።

እንግዳችን ጠገበና ወደ ባቡር ሄደ። ቶኪዮን የሚዞር አንድ የባቡር መስመር አለ። ያማኖቴ ይባላል። ጣቢያዎቹ 30 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው። ባቡሩ በአውድማ ላይ እንደሚዞር በሬ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመለሳል። መውረጃውን ያለፈ ሰው ዝም ብሎ ቢቀመጥ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ እንደገና ይደርሳል። ለአዲስ ሰው ከዚህ የተሻለ ባቡር የለም። ሰው በመሥመር ተሰልፎ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ጸጥታ ነው። በስልክ ጮክ ብሎ ማውራት ነውር ነው። ከአዳማ እስከ አቦምሳ በአውቶቡስ እየተሳሳቁ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እየተከራከሩ የሚመጡ ሰዎች ይህን ጸጥታ የሚችሉት አይመስለንም።

ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ ፈጣን ባቡርም አለ። አበበ ቶኪዮ ላይ ከመሮጡ 20 ቀን በፊት፣ መስከረም 21 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ይህ ባቡር ከቶኪዮ እስከ ኦሳካ ሥራ ጀመረ። መንገዱ 515 ኪሎ ሜትር ነው። ያን ጊዜ 4 ሰዓት ይፈጅ ነበር። እስቲ ደብተራችንን አውጥተን 515ን ለ4 እናካፍል። በአንድ ሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ? ዛሬ ከዚያም ይፈጥናል።

ማታ እንግዳችን ባሕላዊ ማደሪያ ገባ። ጫማውን ደጃፍ ላይ አወለቀ። ወለሉ ከሩዝ ገለባና ከቄጠማ የተሠራ ወፍራም ምንጣፍ ነው፤ ሰሌን ላይ ተኝቶ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ከመኝታ በፊት ወደ ፍል ውኃ ይወስዱታል። ሶደሬን የሚያውቅ ሰው በዚህ ደስ ይለዋል። ልዩነቱ፣ ጃፓኖች መጀመሪያ ውጭ ተቀምጠው በሳሙና ታጥበው፣ ተለቃልቀው፣ ከዚያ ነው ወደ ገንዳው የሚገቡት። ገንዳው ለመታጠቢያ ሳይሆን ለመሞቂያ ነው። ሳሙና ይዞ ዘሎ የገባ እንግዳ ሁሉንም ሰው ያስወጣል።

ሶደሬን የሚያፈላው የምድር ውስጥ ሙቀት ነው። ጃፓንም እንደ እኛ ስምጥ ሸለቆ ከምድር ውስጥ እሳት ጋር የምትኖር አገር ናት። ይኸው ምድር ይንቀጠቀጣል። ነሐሴ 26 ቀን 1915 ዓ.ም.፣ ልክ ስድስት ሰዓት ሊሆን 2 ደቂቃ ሲቀረው፣ ቶኪዮና አካባቢዋ ተናወጡ። የምሳ ሰዓት ነበርና በየቤቱ እሳት ተያይዟል። ቤቱ ደግሞ የእንጨት ነው። ከ100 ሺህ በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙው የሞተው በእሳቱ ነው። ኅሩይ በ1924 ያዩዋት ቶኪዮ ከዚያ አመድ ላይ እንደገና የተሠራች ከተማ ነበረች።

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ምድሩ ለወራት ሲንቀጠቀጥ እኛም ሰማነው። መሬት ተሰነጠቀ፤ ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን ለቆ ወጣ። ያን ጊዜ ምን እናድርግ ብለን ያልተጨነቅን የለንም። ጃፓኖች ልጆቻቸውን በየትምህርት ቤቱ የሚያለማምዱት ይህን ነው። ምድሩ ሲንቀጠቀጥ በርከክ ብለህ ከጠረጴዛ ሥር ግባና እግሩን ያዝ፤ ጠረጴዛ ከሌለ ራስህን በክንድህ ሸፍን። መንቀጥቀጡ ጋብ ሲል እሳቱን አጥፋ፤ ከዚያ ወደ ሜዳ ውጣ። ሜዳ ላይ ያለህ ከሆንህ ወደ ቤት አትሩጥ፤ ከግድግዳና ከዛፍ ራቅ። እንግዳችንም ሌሊት አልጋው ሲወዛወዝ ባለቤቲቱ በእጅ ምልክት ይህንኑ አሳየችው። ቋንቋ አላስፈለገም።

ጠዋት ቡና አማረው። ጃፓኖች ስኳር የሌለው አረንጓዴ ሻይ መጠጣት ይወዳሉ፤ ቡናም በብዛት ይጠጣሉ። ከዓለም ታላላቅ ቡና ገዢዎች መካከል ናቸው፤ ከእኛም ይገዛሉ። በ2000 ዓ.ም. ግን ከአገራችን በሄደ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የተባይ መድኃኒት ቅሪት አገኙና ግዢው በጣም ቀነሰ። ብዙ ሰው ተጎዳ። ገዢው ሩቅ ቢሆንም ይመረምራል። ሽንኩርትና ቲማቲም ላይ የምንረጨው መድኃኒት በዕቃው ላይ መጠኑና ከርጭት በኋላ የሚጠበቀው ቀን ተጽፎበታል። ቀድሞ ይህን ሌላ ሰው ያነብልን ነበር፤ አንዳንዴም ሳይነበብ ይቀር ነበር።

እንግዳችን ቡና ቤት ገብቶ የመጣለትን ፉት አለ። ጣዕሙን አወቀው። ግድግዳው ላይ በተደረደሩት ከረጢቶች ላይ የተጻፈውን አየ። አንዱን ከረጢት አስተናጋጇ አንሥታ በጣቷ አንድ በአንድ እያመለከተች ቀስ ብላ አነበበችለት። «ኤ»፣ «ቺ»፣ «ኦ»፣ «ፒ»፣ «አ»። እርሱም ከኪሱ እርሳስ አወጣና ከሥሩ በራሱ ፊደል ጻፈ። ኢ፣ ት፣ ዮ፣ ጵ፣ ያ። ቆጠሩት። የእርሷም አምስት ነው፤ የእርሱም አምስት ነው።